ለእንግዳ የታጠበ ጉድጓድ

ሰፈሩ በሙሉ ጎረቤቴን እንዝርት ይለዋል። ቀጭን መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን መቆም አለማወቁ ነው። ሲበላ ይነሳል፤ ሲያወራ ይዞራል፤ በግድ ወንበር ላይ ቢያስቀምጡት እንኳ ጉልበቱ ለብቻው መንገድ ይጀምራል። ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ከደረቴ ስለማያልፍ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከመጽሐፌ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እሱን ነው። አንድ ክዳን ያነሳል፣ አንድ ቧንቧ ይነካካል፣ ያልተበላሸ ነገር ፈትቶ መልሶ ያስራል። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ሰው ልጅ ዕረፍት ማጣት ሳነብና ሳስተምር ኖሬ፣ ነገሩ እግር አውጥቶ ከአጥር ማዶ ሲመላለስ ያየሁት በስተርጅና ነው።

የሚተዳደረው በፍሳሽ ማንሻ መኪና ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ይሄድና አገር አቋራጭ አውቶቡሶች የተሸከሙትን የሽንት ቤት ታንከር ያራግፋል፤ ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ሲዞር ይውላል። ወፍራሙን ቱቦ ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ፓምፑን ሲያስነሳ፣ መኪናው መጀመሪያ ከራሱ ሆድ ውስጥ አየሩን ያወጣል፤ አየር ያጣው ሆድ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይስባል። "መኪናዬ ሌላ ጥበብ የላትም፣ መራብ ብቻ ነው የምታውቀው" ይላል። በሙያው አፍሮ አያውቅም፤ እንዲያውም ጉራው አያስቀምጥም። "ትልቅ ትልቁ ሰው ሁሉ ስልኬን ይዟል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ግን አንተዋወቅም" ብሎ በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ፣ ማለትም በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው አፈር እየጫረ፣ የሁለቱን ታንከሮች ልዩነት አስረዳኝ።

"ጋሼ፣ የአውቶቡሱና የቤቱ ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ በሥጋም አይዛመዱም። የአውቶቡሱ ሻንጣ ነው። የሰጡትን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ሲደርስ ያራግፋል። ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት ትንሽ ውሃና መድኃኒት ካልጨመረበት ወለሉ ላይ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል፤ ያኔ መከራው የእኔ ነው። ሲመለስ ቫልቩን መክፈት፣ ማራገፍ፣ በረኪና ለቅልቆ ማጠብ፣ መዝጋት፤ አለቀ።"

"የቤቱስ?"

"የቤቱ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው፣ ሠራተኛ ነው። ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ስቡ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ መሀል ላይ የጠለለው ውሃ በወዲያኛው ቧንቧ ወጥቶ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ከታች ደግሞ በዓይን የማይታዩ በላተኞች አሉ። ቀን ከሌሊት ዝቃጩን ሲቆረጥሙ ነው የሚኖሩት። ሰው ግን በረኪና ይደፋባቸዋል! የመጥበሻ ዘይት ይደፋባቸዋል! ከዚያ 'ምነው ጉድጓዳችን ቶሎ ሞላ' ብሎ እኔን ይጠራል። ገድለዋቸው እኮ ነው!"

ይህን ሲል የገዛ ዘመዶቹ የተገደሉበት ይመስል ነበር። ቀጥሎ የሥራውን ሁለት ሕጎች ነገረኝ። አንደኛው፣ የቤት ታንከር ሲመጥ ከታች ትንሽ ዝቃጭ ያስቀራል፤ እንደ ሊጥ እርሾ። ሁለተኛው፣ ዝናብ በሚበዛበት ወራት የፕላስቲክ ታንከር መጥጦ ሲጨርስ ወዲያው ውሃ ሳይሞላበት ከግቢ አይወጣም።

"ለምን?"

"መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ ባዶውን ታንከር ያነሳዋላ!"

"እንዴት አድርጎ?"

"እንደ ጀልባ ነዋ ጋሼ! ከላይ ያለው አፈር ምን አቅም አለው?"

ሰምቼ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። በሩቅ አገር ስለደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ እንደሚሰማ ሰው ነበር የሰማሁት።

እንዝርት ያለ እረፍት የሚሽከረከረው በጠባይ ብቻ አልነበረም፤ አንድ እሾህም ነበረበት። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ትልቅ ልጅ አለችው፤ ዓይኑ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ለትዳር ፈልጓት ነበር። የሰውዬው አክስት ምሳ ተጋብዛ በልታ፣ መርቃ፣ ስማ ሄደች። ከዚያ በሰው በሰው አንድ ወሬ ተመልሶ መጣ፤ "ቤታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይሸታል" ብላለች ተባለ። ነገሩም እንደ ዋዛ ቀረ። ልጅቱ ብዙ ያዘነች አትመስልም ነበር። አባትየው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍንጫውን አያምንም። ሲገባ ያሸታል፣ ሲወጣ ያሸታል፣ ሸሚዙን አውልቆ ያሸታል።

"የሌላ ሰው ቤት ቢሸት ሽንት ቤቱ ሸተተ ነው የሚባለው። የእኔ ቤት ቢሸት ግን እኔ ሸተትኩ ነው የሚባለው። ገባዎት ጋሼ?" አለኝ።

ገብቶኛል። ሰው ከሥራው ልብሱን ማውለቅ ይችላል፤ ሌሎች በልባቸው ያለበሱትን ግን በምን እጁ ያወልቀዋል?

አሁን ሁለተኛ ሰው መጣ። አናጢ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ቁጥብ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠይቃቸው መጥቶ ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። ሲጠጣም አፍንጫውን ሳብ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ሲሰናበት "እሑድ አባቴና እናቴ ሊተዋወቋችሁ ይመጣሉ" ብሎ፣ በሩ ላይ እንደገና ሳብ አደረገና ሄደ።

እንዝርት በሩጫ አጥሩ ጋ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ ሸተተው!"

"ምን ሸተተው?"

"ቤቱ ነዋ! ሦስቴ አሸተተ። በእኔ ሞት፣ የእኛ ቤት ይሸታል?"

"እኔ ምንም አይሸተኝም።"

"እርስዎማ ለምደውን ነው!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ይህ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ ሲሰብከው የኖረውን ሁለቱንም ሕግ በአንድ ከሰዓት በኋላ ረገጣቸው። መኪናውን እግቢው አስገብቶ የገዛ ቤቱን የፕላስቲክ ታንከር እስከ ወለሉ መጠጠ። እርሾ አላስቀረም። ከዚያ ከክዳኑ ላይ ቆሞ በጎማ እያጠበ መልሶ መጠጠ፤ በረኪና ለቀለቀ፤ አሁንም አጥቦ መጠጠ። ልክ እንደ አውቶቡሱ አደረገው፤ ሠራተኛውን ወደ ሻንጣ ለወጠው ማለት ነው። ውሃም አልሞላበትም። ጠብታ እንኳ ካለ ይሸታል ብሎ ነው።

ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየችና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ለሰው የምትከለክለውን ነገር በራስህ ቤት!" አለችው።

"እስከ እሑድ ብቻ ነው።"

"ዝናቡስ? እሱም እስከ እሑድ ይጠብቅልሃል?"

"አንቺ ደግሞ! ዝም በይ እስቲ፣ ሥራዬን አትንገሪኝ።"

ይህ አልበቃ ብሎት አዋጅ አወጣ። እንግዶቹ መጥተው እስኪሄዱ ድረስ ማንም ሽንት ቤቱን እንዳይጠቀም፤ ወጥ ቤትም አንድ ብርጭቆ ውሃ ወደ ቧንቧው እንዳይደፋ። ታዲያ ሰው የት ይሂድ? ከአጥሩ ላይ አንድ ቆርቆሮ ነቀለና ቀዳዳውን በክብር አሳየኝ።

"ጋሼ፣ ለጥቂት ቀን እናስቸግርዎታለን።"

በዚያ ሳምንት ቤቴ መናኸሪያ ሆነ። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ትመጣለች። ልጅቱ "ይቅርታ ጋሼ፣ አባዬ ጨርቁን ሊጥል ምንም አልቀረው" እያለች ትመጣለች። አሮጊት እናቱ ደግሞ በምርኩዟ ቆርቆሮውን እየደበደበች፣ "እኔን በዚህ ዕድሜዬ ለሽንት ስደተኛ ያደርገኝ? ወልጄው ነበር እኮ!" እያለች ትመጣለች። እሱ ራሱ ለመምጣት አፍሮ ወደ መናኸሪያው ይሮጣል። የእኔ ሽንት ቤት ያን ሁሉ ሰው ለምዶ አያውቅም፤ ሲለቁት ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ስነግረው፣ "የእርስዎን ከእሑድ በኋላ እመጥልዎታለሁ፤ እስከዚያ እንደምንም" አለኝ።

ዝናቡም አላረፈም። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል፤ ሚስቱም የዕቃ እጣቢውን በሳፋ እያወጣች እዚያው ግቢ ትደፋለች። ቅዳሜ ሊመሽ ሲል እንዝርት በታንከሩ ዙሪያ ሲዞር አየሁት። ክዳኑ ከመሬቱ ከፍ ያለ መሰለኝ። ለእሱም መስሎታል፤ ምክንያቱም ቆሞ አየው፤ እሱ ቆሞ ሲያይ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በእግሩ ረገጥ አደረገውና ሚዛኑን ሞከረ።

"ተነሳ እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎት ነው" አለና ሁለት አካፋ ጭቃ ጣለበት። ያንን ነገር በሌላ ሰው ግቢ ቢያየው ኖሮ ጮሆ ሰፈሩን ያነቃ ነበር። ማወቅና ማየት ለካ እንዲህ ይለያያሉ! ፍርሃት ያለበት ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ይታወራል።

እሑድ እኔም እንደ ሽማግሌ ጎረቤት ተጠርቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የአናጢው አባት ሰዓት ሠሪ ነው፤ ትንሽ ሰውዬ፣ የሚያየውን ሁሉ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያያል። እናትየው ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሲስቁ ብርጭቆው የሚንቀጠቀጥ ሴት ናቸው። ምሳው ቀረበ። እንዝርት መስኮት ይከፍታል፤ በረደ ብሎ ይዘጋል፤ ጠረን ታፈነ ብሎ መልሶ ይከፍታል።

"ይቀመጡ እንጂ! እኛ ነን እንግዶቹ ወይስ እርስዎ?" አሉት እናትየው።

"ተቀምጫለሁ፣ ተቀምጫለሁ" አለ ቆሞ።

አናጢው ሾርባውን ጠጣ፣ አፍንጫውን ሳብ አደረገ። የእንዝርት ማንኪያ ከሳህኑ ጋር ተጋጨ። ልጁ ደገመ። እናትየው እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ትከሻ ጠፈጠፉት።

"አንተ ልጅ፣ ተናፈጥ እንጂ! በሰው ፊት!" አሉና ወደኛ ዞሩ። "ይቅርታ አድርጉለት። የእንጨት ብናኝ ነው። መጋዝ ከጀመረ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነው። ወጥ አርሮ ቤቱን ጭስ ቢሞላው እሱ አያውቅም።"

"ብናኝ?" አለ እንዝርት።

"ብናኝ።"

"እና... ምንም አይሸተውም?"

"ምን ይሸተዋል? ቫርኒሽ ክፉኛ የሚሸት ነገር አይደል? እሱ አጠገቡ ይተኛል!"

እንዝርት ተቀመጠ። እንዲያ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም፤ ጉልበቱ እንኳ ዝም አለ። አናጢውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልለየሁም። የሳምንት ጭንቀቱ ከላዩ ሲወርድ ይታይ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ነው ከውጭ ድምፅ የመጣው። መጀመሪያ የተኛ በሬ ሲነሳ እንደሚያሰማው ያለ ረጅም ማቃሰት፤ ቀጥሎ የጭቃ መላቀቅ፤ በመጨረሻ ቧንቧ "ቋ!" ብሎ ሲሰበር።

ሁላችንም ወጣን። ከግቢው መሀል፣ አበባ የተተከለበትን አፈር ግራና ቀኝ ጥሎ፣ የታንከሩ ጥቁር ጀርባ እንደ ጉማሬ ወጥቶ ተቀምጧል። የተሰበረው ቧንቧ አፉን ከፍቶ ይንጠለጠላል። ሰው ሲያፍር ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ይላል፤ የእንዝርት ምድር ግን ተከፍታ ተፋችበት።

ልጅቱ የአባቷን እጅጌ ያዘች።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ሰዓት ሠሪው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።

እንዝርት መዋሸት ይችል ነበር። የውሃ ማጠራቀሚያ ነው ቢል ማን ያውቅበታል? አፉን ከፍቶ ሲያመነታ አየሁት። እናቱ ግን ቀደመችው።

"ለሽንት አጥር ያሻገረኝ ነው እንጂ ምን ይሆናል!" አለች ምርኩዟን ወደ ታንከሩ ቀስራ። "እናንተ ትመጣላችሁ ብሎ ጉድጓዱን እንደ ሰሃን አጠበው። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው ሽንት ቤት አልገባም። ልጃችሁ አፍንጫውን ሳበ ብሎ እኮ ነው፣ የኔ እናት!"

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። እንዝርት ወዲያ ወዲህ እያለ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ሁሉንም ተናገረ። ስለ አክስትየዋ እንኳ ሳይቀር ተናገረ። "ሰው ቤቴ ይሸታል ብሎ ከሄደ በኋላ ማን ላይ ይፈረዳል? በልጄ ላይ ነው የተፈረደው። ሥራዬ የእኔ ነው፣ እሷ ምን በወጣት!" ሲል ድምፁ ተሰበረ።

"ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር ከታች የገፋው ምንድን ነው?" አለ ሰዓት ሠሪው፤ ከሁሉም ነገር እሱ ነበር ያሳሰበው።

"ውሃ።"

"ውሃ ብቻ?"

"ውሃ ብቻ። ከኮንክሪት ጋር ማሰር ነበረብኝ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ ክብደቱ ይበቃዋል ብዬ ተውኩት። ባዶ አደርገዋለሁ ብዬ መች አሰብኩ?"

የአናጢው እናት ግን ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ፊታቸው ኮስተር ብሏል። ቀስ ብለው ወደ ልጅቱ ጠጋ አሉና በጆሮዋ አንድ ነገር አሉ። ልጅቱም እጃቸውን ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ወደ እኔ ቤት ይዛቸው ሄደች። ሌሎቻችን ታንከሩን ከበን እንደ ለቀስተኛ ቆምን። እንዝርት ከቀዳዳው ዓይኑን አልነቀለም። እዚያ ቤት ውስጥ ፍርድ እየተጻፈ ነው ብሎ እንዳሰበ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ተመልሰው መጡ። እናትየው ቀዳዳውን በጎን አልፈው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ እንዝርት ፊት ቆሙ።

"ሽታ ከፈለጉ" አሉት፣ "ያለው እዚያ የጎረቤትዎ ሽንት ቤት ነው። ውይ!"

የእኔ ጆሮ ጋለ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

"ለእንግዳ ብሎ ቤቱን የሚጠርግ አይቻለሁ። ለእንግዳ ብሎ ጉድጓዱን የጠረገ ግን በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ለእኛ ይህን ያህል የተጨነቀ ቤት፣ ልጃችንንማ እንዴት አድርጎ ይይዘው!"

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ አሮጊቷ፣ በመጨረሻ ሁላችንም። አናጢው ኮቱን አውልቆ ለልጅቱ ሰጣትና ታንከሩን ዞሮ በእጁ ለካው። "ሲሚንቶ እስኪደርቅ የሚይዝ የጣውላ ሳጥን እሠራለሁ። ከዚያ ወዲያ አይነሳም" አለ፤ አፍንጫውን ሳብ አድርጎ። እንዝርት በዚያ ድምፅ የሙዚቃ ያህል ደስ ሲለው በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ጉድጓዱን ተጋግዘው አስፍተው ቆፈሩት፤ ታንከሩን መልሰው አስቀመጡት። አናጢው ሳጥኑን ሠራ፣ ዙሪያውን ኮንክሪት ተሞላ፣ ቧንቧው ተቀጠለ፣ ታንከሩም እስከ መውጫው አፍ ድረስ ውሃ ተሞላበት። በዚያው ሰሞን እንዝርት ቃሉን ጠብቆ የእኔን ጉድጓድ ሊመጥ መጣ። ሲጨርስ ከታች የቀረውን ዝቃጭ በባልዲ ቀዳና በአጥሩ ቀዳዳ በኩል አሻገረው። "እርሾ ነው ጋሼ። የእኔዎቹን ገድያቸዋለሁ" አለኝ። ያን ባልዲ ተሸክሞ ሲሄድ ሳይ፣ ሰው ለማውጣት ይህን ያህል የሚጣደፍበት ነገር በመሬት ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ክብደት ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ በዚህ ዕድሜ እርግጠኛ መሆን እየቀረብኝ ነው።

ቆርቆሮው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አሮጊቷ ለምዳው፣ ሽንት ቤቷ ቢሠራም ለወሬ ትመጣለች። የሠርጉም ቀን ተቆርጧል።

ትናንት መስኮቴ ሥር ተቀምጬ ሳነብ እንዝርት በቀዳዳው ብቅ አለ። ገባ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። በአንድ እግሩ ቆሞ አፈር መጫር ጀመረ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።"

"ጠይቀኝ።"

"ያቺ የመጀመሪያዋ... አክስትየዋ። እሷስ የእውነት ሸቷት ነበር?"

መጽሐፉን አጠፍኩና ቀና ብዬ አየሁት። መልሴን ሳይጠብቅ ዞሮ በቀዳዳው ወደ ራሱ ታንከር ክዳን ሄደ፤ አነሳው፤ አጎንብሶ አሸተተና መልሶ ከደነው።